በዱቡሻ ሳር የያዘው እጩ

በጋሞ ምድር፣ የላንቴ መንደሩ ዳልጮ ሙዝ ተክሎ ልጅ ያሳደገ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። በቦይ ውኃ ተጣልተው አካፋ የተማዘዙ ጎረቤታሞች እሱ ፊት ከቀረቡ ሳይታረቁ አይመለሱም። ሀብት የለው፣ ሥልጣን የለው፤ ያለው አፉ ነው። እሱ የመረቀውን ሰው መንደሩ ያምነዋል። ለዚህም ነው ምርቃት ሲሰጥ የሚሰስተው።

ምርጫው ሲቃረብ ታዲያ ይኼ አፍ ተፈለገ። እጩው ሳምሶን በዱቡሻው፣ ሕዝቡ በሚመክርበትና በሚታረቅበት ሜዳ፣ ራሱን ሊያስተዋውቅ ነው፤ ዳልጮ ደግሞ ይመርቀው ተባለ። መልእክቱን ይዞ የመጣው ክብሩ ነው፤ የዳልጮ ልጅ አስቴር በኮንትራት የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ።

«አባባ ዳልጮ፣ የአስቴርን ቋሚ ቅጥር እኮ እያሰብንበት ነው» አለና የቀረውን በፈገግታ ጨረሰው።

ዳልጮን ያቅለሸለሸው ያ ፈገግታ ነው። ልጁን ገበያ እንደወጣች ፍየል ጥርሷን ገልጦ ያየበት መሰለው።

ሰውዬው እንደወጣ አስቴር አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እስከ መቼ በኮንትራት? ልጄን በምን ላሳድጋት? አንድ ምርቃት ምን ይጎድልብሃል?»

«ሳምሶንን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። ማን ከማን ይሻላል ታዲያ?»

ዳልጮ በእሷ መቆጣት አልቻለም፤ በራሱ ተቆጣ።

ሳምሶንን ላንቴ ውስጥ የማያውቀው የለም። የመስኖ ኮሚቴ ሊቀመንበር በነበረ ጊዜ የሰውን የውኃ ተራ ወደ ዘመዶቹ ማሳ እያዞረ የስንቱን ሙዝ አድርቋል። የዳልጮ ጎረቤት ካሱ የደረቀ ሙዙን ቆርጦ ለከብት ጥሎ፣ ዛሬ ምዕራብ ዓባያ የሰው ማሳ ይኮተኩታል። ሳምሶን ግን ከኮሚቴ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ወጣ። ሽቅብ የሚወጣው እንዲህ ያለው ነው፤ ምን ይደረግ!

በቀጠሮው ቀን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ካሜራ አስከትሎ ከመኪናው ወርዶ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ፣ በጋሞኛ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ ጀመረ። ለካሜራው ነዋ!

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሙዝ ሥር ነው ያደግሁት። ከመረጣችሁኝ ቅድሚያ የምሰጠው አንደኛ ለመስኖ ውኃ፣ ሁለተኛ ለመንገድ፣ ሦስተኛ ለወጣቱ ሥራ ነው።»

ውኃ ሲል ዳልጮን ምራቁ መረረው። ሌባ የዘረፈውን ቤት እኔ ልጠብቅላችሁ ሲል ቆሞ መስማት ያስጠላል፤ አጨብጭብ መባል ደግሞ ይብሳል።

አጃቢዎቹ በዚህ አልበቃቸውም። የጋሞ ሽማግሌዎች ሳር ይዘው በቴሌቪዥን አይተዋል መሰለኝ፣ ለፎቶ ያምራል ብለው እርጥብ ሳር ነቅለው አስያዙት። እሱም ያንን ይዞ ዳልጮ ፊት ቆመ። በዚያ አገር ሳር ይዞ ሽማግሌ ፊት የሚቆም ሰው «በድያለሁ፣ አስታርቁኝ» ማለቱ ነው።

ዳልጮ አስቴርን አያት። ክብሩ አጠገብ ቆማለች። እንዲያም ሆኖ በጋሞኛ ተናገረ።

«ልጄ፣ ሳር ይዘህ መጣህ፤ ደግ አደረግህ። እንግዲህ ማንን እንደበደልክ ለሕዝቡ ተናገር። ከዚያ እመርቅሃለሁ።»

«ካሱን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሳምሶን ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ለፎቶ ነው።» ማንም አብሮት አልሳቀም። ፊቱ ተለዋወጠ። ዞር ብሎ ካሜራው መዘጋቱን አየና፣ ጎንበስ ብሎ በያዘው ሳር የጫማውን ጭቃ ጠረገ። ጠርጎም ዱቡሻው መሐል ወረወረው። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ እንዲህ ያለ ነውር ሲያዩ ያፈሩት እነሱ ናቸው።

ክብሩ ወደ አስቴር ጎንበስ አለ። «አባትሽን አናግሪው እንጂ! ይመርቅና እንገላገል። የሥራሽን ነገር አስቢ።»

አስቴር ሰው እየከፈለች ወደ አባቷ ሄደች። እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ እንዳትመርቀው» አለችው። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ክብሩ እንዲሰማ ነው።