ከገረሱ ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ

ዲንቄ ካራ ወደሚባለው ሰፈር ተድራ ስትመጣ ከደጃፏ እስከ ጋራው ሥር ድረስ ስንዴና ባቄላ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱን ሲወስደው ለእሷና ለባሏ ለገረሱ የቀራቸው አንድ ግቢ፣ ሦስት የወተት ላሞችና ገረሱ በጎልማሳነቱ በገዛ እጁ የቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ብቻ ሆነ። እሱም አረፈና ጉድጓዱ ለእሷ ቀረ።

ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ገብቷል፤ ውኃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀንም መጀመሪያ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ይተፋል። ነጭ ነጠላ ካጠቡበት ወይቦ ይቀራል። የዲንቄ ጉድጓድ ግን ክረምት ከበጋ ኩልል ያለ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ውኃ ያለበት አይመስልም። ጎረቤቱ ጀሪካኑን ይዞ እሷ ግቢ ይመጣል። "ውሰዱ፣ የእግዜር ነው" ትላለች፤ በልቧ ግን የገረሱ ነው። የእነሱ ቤት ዱሮ ዘር የሚያበድር፣ በሬ የሚያውስ ቤት ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ የቀረው ውኃ መስጠት ነው። "እትዬ ዲንቄ፣ እግዜር ይስጥልን" ሲሏት ያን ጊዜ የባለ መሬቱ ሚስት የሆነች ይመስላታል።

አንድ መስከረም ሩሃማ የምትባል ወጣት የውኃ መርማሪ መጣች። በየሰፈሩ እየዞረች ከጉድጓድም ከቧንቧም ናሙና ትወስድ ነበር። ከዲንቄ ጉድጓድ ቀዳች፣ ከግቢው ቧንቧም ቀዳች፣ አመስግና ሄደች። ስትመለስ ዲንቄ የወተት ዕቃዋን እያጠበች ነበር።

"እማማ፣ ውጤቱ ደርሷል። ጥቂት ቁጭ ብለን ብናወራ?"

"ንገሪኝ፤ እየሠራሁ እሰማሻለሁ።"

"ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። በአንድ ሊትር ውኃ ከሃምሳ ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። የእርስዎ ጉድጓድ መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ።"

"የቧንቧውስ?"

"ዘጠኝ።"

ዲንቄ ሳቀች። "ያ ቡናማው?"

"ቡናማ ያደረገው ብረት ነው፣ እማማ። እሱ ከልኩ በትንሹ አልፏል፤ ግን በዚህ መጠን ልብስ ያበላሻል፣ አፍ ላይ ይጎመዝዛል እንጂ ሰው አይጎዳም። የእርስዎ ነው የሚያሰጋው። ዙሪያውን ቤት በዛ፤ የሽንት ቤቱ ሁሉ ወደ መሬት ነው የሚሰርገው። የላሞቹም እበት ከጉድጓዱ በላይ ተከምሯል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይዞት ይወርዳል።"

ዲንቄ ቀና ብላ ክምሩን አየችው። ለስንት ዓመት እዚያው ስትደፋ ኖራለች። ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ተመልሳም ወደ ዕቃዋ አጎነበሰች።

"ትልልቅ ሰዎችን ቶሎ ላይጎዳ ይችላል" አለች ሩሃማ። "ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከጠጣው ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ለጎረቤቶችዎ ይንገሩልኝ። ደግሞ ውኃውን ማፍላት..."

"በቃ ልጄ፣ ሰምቻለሁ። ላሞቼ አልታለቡም።"

ሩሃማ ከቦርሳዋ ቀይ ቀለም አውጥታ፣ በጉድጓዱ የቆርቆሮ ክዳን ላይ "ለሕፃን አይሰጥም" ብላ በትልልቁ ጽፋ ወጣች። ዲንቄ መርማሪዋ እስክትርቅ ጠበቀች። ከዚያ ክዳኑን ገልብጣ ከደነችው። ለማንም አልተናገረችም። ገረሱ ወገቡ እስኪጎብጥ የቆፈረውን፣ አገር ሲጠጣው የኖረውን ውኃ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው ብላ እንዴት ትናገር? "ግቢዬ ውስጥ ሕፃን የለ" ብላ ራሷን አረጋጋች። እውነቷን ነበር፤ ያኔ አልነበረም።

የግቢዋን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖረው ነፃነት ያረገዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ አምሃ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። የነፃነት እናት ወሰን የሚባል ሰፈር ቢኖሩም ታማሚ ናቸው፤ ስለዚህ ስትወልድ ያረሰቻት ዲንቄ ናት። ገንፎውን አገነፋች፣ ልጅቷን አጠበች፣ ፊልሞና ተብላ ክርስትና ስትነሳም ከእናቷ እኩል አለቀሰች። ልጅቷ ገና ሦስት ወር እንደሞላት የነፃነት ጡት ቆሰለ፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ወተቷም አብሮ ደረቀ። የዱቄት ወተት ተገዛ።

"እትዬ ዲንቄ፣ በምን ውኃ ልበጥብጥላት?" አለች ነፃነት ጡጦውን ይዛ። "የቧንቧው መልኩ ያስፈራኛል። የእርስዎ ይሻላል፣ አይደል?"

ዲንቄ ጡጦውን ከእጇ ተቀበለች። የመርማሪዋ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። አሁን መናገር ነበረባት። ብትናገር ግን "እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ነፍሰ ጡር ሆኜ ስጠጣው ምን ያዩ ነበር?" ትባላለች። አፏ ያን ጥያቄ ፈራና ሌላ ነገር ተናገረ።

"እኔው አፈላልሻለሁ። እሳት የማይገድለው ነገር የለም።"

እንደ ቃሏም አደረገች። ብረት ድስቱን ትጥድና አረፋው ሲነሳ አታወርድም፤ ውኃው ግማሽ እስኪሆን ታንተከትከዋለች። በቆየ ቁጥር ያ የማይታየው ነገር የሚያልቅ ይመስላታል። ልቧ ሲፈራ ማገዶ ትጨምራለች። ነፃነት ደግሞ ይህን ድካም እያየች "እናቴም እንዲህ አታደርግልኝም ነበር" ትላታለች። ያን የሰማች ዕለት ዲንቄ ምሳ አልበላላትም።

ፊልሞና ጠባች፣ አደገች፤ ከዚያ መድከም ጀመረች። ጡጦውን ይዛ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከንፈሯ ዙሪያ ጠቆር አለ። ነፃነት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ነው ብላ አንድ ብርድ ልብስ ጨመረችላት። ዲንቄ ግን አንድ ከሰዓት ልጅቷን አቅፋ ጣቶቿን ስታሻሽ ጥፍሮቿ የበለዘ ሰማያዊ ሆነው አየች።

"ያ ዋቀዮ!" አለች በአፍ መፍቻዋ በኦሮምኛ አምላኳን ጠርታ። "ነፃነት፣ ተነሺ! ሐኪም ቤት!"

መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ታክሲው ቆመ። ነፃነት ሾፌሩን ትለምናለች፤ ዲንቄ የልጅቷ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ ታያለች። "ተናገሪ" ይላታል ልቧ። አንደበቷ አልታዘዝ አላት።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉላት፤ መልኳ ግን አልተመለሰም። ዶክተሯ ደም ቀድታ ነጭ የቁስል ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገችው። ቀይ መሆን የነበረበት ደም የቡና አተላ መሰለ። ቶሎ ብላ ወደ እናትየው ዞረች።

"ምንድን ነው የምትጠባው?"

"የዱቄት ወተት፣ ዶክተር።"

"በምን ውኃ የተበጠበጠ?"

"በንጹሕ ውኃ! በቧንቧ አይደለም፣ በጉድጓድ ውኃ፤ እሱም በደንብ ተፈልቶ። እትዬ ዲንቄ ናቸው የሚያፈሉልኝ፣ አንድ ቀን አጉድለው አያውቁም።"

"ጉድጓዱ ተመርምሮ ያውቃል?"

"ኧረ አያውቅም" አለች ነፃነት።

ዲንቄ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ነበር። ዝም ብትል ያልፍላታል፤ ዶክተሯ ናሙና ይምጣ ትላለች፣ ውጤቱ ሲመጣ እሷም እንደማንኛውም ሰው "አቤት ጉድ!" ትላለች። ይህን አሰበችው። ማሰቧን ከዚያ በኋላ ለራሷ ይቅር ብላው አታውቅም።

"ተመርምሯል" አለች።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

"መቶ አሥራ ሁለት ብለውኛል። ልኩ ሃምሳ ነው። ለሕፃን አይሰጥም ብላ መርማሪዋ ክዳኑ ላይ ጽፋልኝ ነበር፤ ገልብጬ ከደንኩት። እኔ ግን አፍልቼዋለሁ፣ ዶክተር። ግማሽ እስኪሆን ነው ያፈላሁት።"

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ለነርሷ መድኃኒት ካዘዘች በኋላ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው። "ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እማማ። ናይትሬት ግን አይተንም። የሚተነው ውኃው ነው፤ እሱ እዚያው ይቀራል። ግማሽ እስኪሆን ሲፈላ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።"

ዲንቄ ሩሃማን "በቃ ልጄ" ብላ ያቋረጠቻት የትኛው ቃል ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። በፍርሃት የጨመረችው ማገዶ ሁሉ ልጅቷን ሲጎዳ ነው የከረመው። መቀመጫ ፈልጋ ሳታገኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለፊልሞና በደም ሥሯ ሰማያዊ መድኃኒት ሰጧት። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ቀላ፣ ቀጥሎ ጉንጯ፤ አለቀሰችም፣ ጠንካራ ለቅሶ። ነፃነት ልጇን አንስታ ታቅፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ዲንቄ ፊት ቆመች።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አፈርኩ፣ የኔ ልጅ። ጉድጓዱ የገረሱ ነው። ከሱ ሌላ ለሰው የምሰጠው ምን አለኝ?"

"እኔ ምን አስቀየምኩዎት?"

"ምንም። ምንም አላስቀየምሽኝም።"

ነፃነት ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ዲንቄ ብትሰደብ በወደደች ነበር። አምሃ ከመንገድ ሲመለስ እሱም አልጮኸም፤ ዕቃውን ጫነና ሚስቱንና ልጁን ወሰን፣ አማቱ ቤት አስገባ። ሲወጣ ዲንቄን በዓይኑም አላያትም።

በማግስቱ ዲንቄ ክዳኑን ወደ ቀይ ጽሑፉ መለሰች፤ በሰንሰለትም ቆለፈችው። የእበቱን ክምር አስጠርጋ ለአትክልት ተካዮች ሰጠች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ከቤት ቤት ዞረች። በየበሩ ቆማ የሆነውን ሁሉ፣ የገለበጠችውን ክዳን ሳይቀር ተናገረች፤ በተለይ ሕፃን ያለበት ቤት ደጋግማ ሄደች። ያስቸገራት ግን ያልጠበቀችው ነገር ነው፤ የሚያምናት አጣች።

"እኔ ስንት ዓመት ጠጥቼው ምን ሆንኩ?" አሏት አባ ጎበና፣ ከአጥሯ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ። "ይልቅስ መሸጥ አማረሽ እንዴ?"

"የናንተ ዕድሜ ሌላ ነው፣ አባባ። ለሕፃን ነው መርዙ። ለእርስዎም ቢሆን አልሰጥም፤ ከልኩ ከእጥፍ በላይ አልፏል።"

"ገረሱ በሕይወት ቢኖር እንዲህ አይዘጋብንም ነበር።"

ይህ ቃል እንደ እሾህ ተሰካባት። "ቢኖር እሱ ይነግራችሁ ነበር" አለችና ተመለሰች። መንገድ ላይ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ "ዲንቄ ከረረች" አለ። አመስጋኝ ይጎርፍበት የነበረው በር ጸጥ አለ። እሷ አልተከራከረችም፤ ይህ ለእኔ ያንሰኛል ትላለች። የቧንቧ ውኃ ሲመጣ ቡናማው እስኪያልፍ ትለቀዋለች፣ ሲጠራ በባልዲ አጠራቅማ ትጠጣዋለች። ብረት ብረት ይላል። ሳታማርር ትውጠዋለች።

ሰኔ ሲገባ ወሰን ሄደች። በሩን ነፃነት ናት የከፈተችው። ገፍታ አላስወጣቻትም፤ ወንበር ሰጠቻት። ፊልሞና ወፍራለች፤ ድክ ድክ ልትል ወንበር ይዛ ትቆማለች። እንግዳ አትፈራም፤ ወደ ዲንቄ እጇን ዘረጋች። ዲንቄ ግን እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም፤ ወደ እናትየው ተመለከተች።

"ይቀፏት" አለች ነፃነት።

ዲንቄ አነሳቻት። ልጅቷ የነጠላዋን ጥለት ይዛ ትጎትት ጀመር።

"ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እትዬ ዲንቄ። ከልቤ ነው። ባይናገሩ ኖሮ ዶክተሯ ስትፈልግ ጊዜው ያልፍ ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ።" ነፃነት የልጅቷን ቀሚስ አስተካከለች። "ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የማሳቅፍዎት። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ትቼልዎት አልሄድም። ያን ግን አልችልም።"

"አትችይም፣ ልክ ነሽ" አለች ዲንቄ። "እኔም አልልሽም።"

ያመጣችውን ወተት ነፃነት ተቀበለች፤ አልገለበጠችውም፣ አልቀመሰችውምም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዲንቄ ወተቱ ምን እንደሚደረግ አልጠየቀችም። ፊልሞና ጉያዋ ውስጥ እንቅልፍ እስኪወስዳት ተቀመጠች፣ ከዚያ ለእናቷ አቀበለቻትና ተሰናብታ ወጣች። ዝናብ እያካፋ ነበር። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሚኒባሶቹ ወደሚቆሙበት አስፋልት ቀስ ብላ ወረደች።