መሪጌታ «ልቤን» ሲሉኝ

ትናንት ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለነርሷ «ልቤን ነው ያመመኝ» ሲሉ ሰማሁ። ነርሷ ሳታመነታ እጇን ጨጓራቸው ላይ አሳረፈች። እኔ ግን አፍሬ አቀረቀርኩ... ሰው ያፈረበትን ነገር በሰማንያ ዓመቱም አይረሳም ማለት ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ መንዝ ውስጥ የአንዲት ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ከተመረቅኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ በነጭ ጋውኔና በእንግሊዝኛዬ የምኩራራ ጎረምሳ።

አንድ ጠዋት የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ በቃሬዛ መጡ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ የቀመሱት ሁሉ ይመለሳል። ምን እንደሚያማቸው ጠየቅኳቸው።

«ልቤን ነው ልጄ... ልቤን ሰንጎ ያዘኝ» አሉ።

ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። እናቴም ሲያስመልሳት «ልቤን አጥወለወለኝ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ግን ወደ ከተማ የሚወርደው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ መሪጌታ ደግሞ በወፍራም የሱፍ ባና ላይ በርኖስ ደርበዋል። ሆዳቸውን ገልጬ ሳልዳስስ፣ ለሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም ባማረ እንግሊዝኛ የልብ ሕመምተኛ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ነው ሆዳቸውን ማለታቸው እንደነበር ገብቶኝ ክው ያልኩት። በማግስቱ ሌላ መኪና ነበር፤ ማስተካከያ ጽፌ መላክ እችል ነበር። ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሥራዬ መርዶ መጠበቅ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት የሐኪሙ መልስ መጣ። በአፍንጫቸው ቀጭን ጎማ ቢያስገባ የወጣው መግል ነው። የጨጓራቸው ግድግዳ ራሱ አመርቅዟል፤ እሱም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሆዳቸውን ሊቀድድ ተሰናድቶ ደብዳቤዬን ዳግመኛ ሲያነብ ግን ማደንዘዣው ልባቸውን ቀጥ እንዳያደርገው ፈራ። በአፍ ምንም እንዳይቀምሱ ከልክሎ በግሉኮስና በፔኒሲሊን መርፌ ብቻ ሞከረ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፤ ዳኑ።

«ማስጠንቀቂያህ ከቢላ አተረፋቸው» ይላል መጨረሻው።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሰው ሁሉ ፊት አነበበው። አጨበጨቡልኝ። አንገቴን ስደፋ ትሕትና መሰላቸው።

ለዳግማ ትንሣኤ መሪጌታ በበቅሎ መጡና አዲስ ባና አለበሱኝ። ምርቃቱ ሲበዛ አላስቻለኝም፤ ወደ ጓሮ ወስጄ ተሳስቼ እንደጻፍኩ ነገርኳቸው።

ሳቁ። «ሰሙን ይዘህ ወርቁን ጣልኸው በለኛ! እግዜር ግን በሰሙ አዳነኝ።»

ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «ስሕተቱ መች ታወቀህ?» አሉኝ።

መኪናው ገና ሳይርቅ ነበር መልሱ። ምላሴ ግን «የሐኪሙ ደብዳቤ ሲመጣ» አለ።

«እንግዲያስ ምን ኃጢአት አለብህ» ብለው ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

እሳቸው ልቤን ሲሉ ሆዳቸውን ነበር። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ... ልቤን ስል ልቤን ነው።