በሳሙና ካርቶን ላይ የተቆፈረው ኤላ

ሲይዙኝ ጂኦግራፊ እያስተማርኩ ነበር። ጠመኔውን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ። ነገሌ እስር ቤት በር ላይ ፈታሹ አገላብጦ አየውና «ይሄ ምን ይሠራልሃል?» ብሎ መለሰልኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ግድግዳው የበቆሎ ብናኝ ይሸታል። ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን። ጥግ ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል።

«አምስት ቀናቸው ነው» አለኝ አጠገቤ ያለው ጨርቅ ነጋዴ። «ከኤላቸው፣ ከጥልቁ የውሃ ጉድጓዳቸው፣ ለማያውቋቸው መንገደኞች ውሃ አጠጡ። መንገደኞቹ ሰርጎ ገቦች ናቸው ተባለና እሳቸውን አመጧቸው። ውሃ ባጠጣሁ ከታሰርኩ በዚህ በር የገባ እህል አልቀምስም አሉ። ከእኔ ቤት የሚመጣውንም እንቢ ብለዋል።»

ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ሽማግሌው እዚያው ጥግ ላይ እንዳሉ እንዳይሞቱብን። ለምነናቸዋል፣ በአላህም በእግዜርም ተማጽነናቸዋል። አልሰሙንም።

ጨዋታውን የጀመርኩት ግን ለራሴ ብዬ ነው። ሥራ የፈታ መምህር ለራሱም ለሰውም አይመችም። የነጋዴው ቤት ስንቅ የሚመጣበትን የሳሙና ካርቶን ገልብጬ በጠመኔዬ ካርታ ሣልኩበት፤ ነገሌን፣ ወደራን፣ ከዚያም ወዲያ ማንም ያልደረሰበትን በረሃ። ከስንቁ የተረፉት የቴምር ፍሬዎች ሰዎች ሆኑ። እኔ አገሩንና የሚገጥማቸውን እናገራለሁ፤ አብረውኝ የታሰሩት የሚያደርጉትን ይመርጣሉ፤ ጉዳዩ ሲያጠራጥር ሦስት የለስላሳ ቆርኪ እንወረውራለን። ሁለቱ አፋቸውን ወደ ላይ ከከፈቱ ይሳካል፣ ከተደፉ ጉድ ፈላ።

ነጋዴው የግመል ሌባ ልሁን አለ፤ በዕድሜው ሙሉ የሰው ክር እንኳ ያልነካ ሰው። ከወደራ የመጣው የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የጉዞው መሪ ሆነና በየመንደሩ በር እየቆመ «የድጋፍ ደብዳቤ ይዘናል» ማለት ጀመረ። በሳቅ ሞትን። በእስር ቤት ሳቅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ጠባቂው በሩን በሰደፍ እስኪመታ ድረስ ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን መንገደኞቼ ውሃ ጠምቷቸው አንድ ኤላ ደረሱ። ነጋዴው «ቢስሚላሂ» ብሎ ቆርኪዎቹን ወረወረ። ሦስቱም ተደፉ።

«ባለኤላው ከሩቅ አያችሁ» አልኩ። «መታወቂያ አሳዩ አለ። እናንተን አላውቃችሁም፣ ውሃ የለም፣ ሂዱ።»

«ውሸት!»

ድምፁ ከጥግ ነበር የመጣው። ሽማግሌው ዞረው ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ተተክሏል።

«አካም ሳይል? ናጋ ሳይል? ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መታወቂያ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቢሻን ሂን ዶርከን! ውሃ አይከለከልም። መጀመሪያ ይጠጣል። ስሙን ከዚያ በኋላ ትጠይቃለህ።»

«አባቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ቆርኪው ነው የፈረደው» አልኩ።

«ቆርኪ ኤላ ቆፍሮ ያውቃል?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ባለኤላውን ያን ያህል ክፉ ያደረግሁት ለማይታወቅ ሰው ውሃ ስናጠጣ በር ላይ ያለው ጠባቂ እንዳይሰማን ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴን ለማላውቀው ሰው አለበስኩት።

ሽማግሌው እየተንፏቀቁ መጥተው ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጡ። ባለኤላዬን አንስተው ጣሉትና ራሳቸው አባ ሄሬጋ ሆኑ፤ የውሃ ተራ የሚያስይዘው ሰው ማለት ነው። የማን ከብት እንደደከመ፣ ማን ከሩቅ እንደመጣ እየጠየቁ ተራ ሰጡ። ከዚያ የቴምር ፍሬዎቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ደረደሩ። ጥልቅ ኤላ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ቆሞ ውሃውን እየተቀባበለ ነው የሚያወጣው። አምስቱን ተጫዋቾች አስገቡ፣ «አንተም ውረድ» ብለው እኔን ጨመሩ። ካርቶኑን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሰው ይጎድላል።»

«አንቱ አሉ እንጂ» አለ ነጋዴው።

ሽማግሌው አንድ ፍሬ አነሱ።

ነጋዴው ቀስ ብሎ ቀጠለ፤ «ግን ያልበላ ሰው ኤላ ይወርዳል እንዴ አባ? ጉልበቱ ቢከዳው ከሥሩ ያለነውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል።»

ሽማግሌው ፍሬውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። ወጥመዱ ገብቷቸዋል፤ ወጥመዱ ግን እውነት ነበር።

«አንተ ነጋዴ!» አሉና እጃቸውን ለመታጠብ ዘረጉ።

ጸሐፊው ውሃ አፈሰሰላቸው። ትንሽ ትንሽ በሉ። እኔ ዓይኔን ስጠርግ ማንም አላሾፈብኝም።

በማግስቱ ለምርመራ ጠሯቸው። እስኪመለሱ ድረስ አንዳችንም ካርቶኑን አልነካንም። ሲመለሱ በአንድ እግራቸው ያነክሱ ነበር።

«ምን አሉዎት?» አልኩ።

«ብንለቅህ ደግመህ ታጠጣለህ ወይ አለኝ መርማሪው።»

«እርስዎስ?»

«አንተም ተጠምተህ ብትመጣ አጠጣሃለሁ አልኩት።» ካርቶኑን ወደራሳቸው ሳቡ። «ተራው የማን ነው?»

ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። በኋላ ላይ አንድ የተልተሌ ሰው ኤላቸው አፍ ላይ ቆመው ተራ ሲያስይዙ አየኋቸው ብሎኛል፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ልጆቼ «እስር ቤት ገብተህ ተጫወትክ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ክፍል ብዙ ነገር ወስዶብኛል፣ አልክድም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ በታረምኩበት በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ ያህል አግኝቼ አላውቅም።