የመሻገሪያው ዘበኛ ሀምዱ

ሀምዱ ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ሐዲድ ላይ ዘበኛ ነበር። ካባው ከተራራው ወገብ ነው፤ ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎች በቁልቁለቱ ሐዲድ ወደ መፍጫው ይወርዳሉ። ሐዲዱ የገበያተኛውን መንገድ ስለሚያቋርጥ፣ ከላይ ፉርጎ ሲለቀቅ ተረኛው ሽቦ ይጎትታል፤ ታች መሻገሪያው ላይ የተሰቀለው ደወል ይጮኻል፤ ሀምዱም አግዳሚውን እንጨት አውርዶ ሰዉን ያቆማል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ዶሮ እንኳ አልተገጨችበትም።

ደወሉን ለማስጠገን ካባውና የገበሬ ማኅበሩ እኩል እንዲያወጡ ከአብዮቱ በኋላ ተስማምተው ነበር። በሰባ ሁለት ዓ.ም. ክረምት ሽቦው ተበጠሰ። ካባው፣ የበጠሰው የገበሬው ከብት ነው አለ። ማኅበሩ፣ ፉርጎው የእናንተ፣ ሽቦውም የእናንተ ሲል መለሰ። ደብዳቤ ወጣ፣ ደብዳቤ ወረደ። ጉም በወረደ ቁጥር ሀምዱ ጆሮውን ሐዲዱ ላይ ደፍቶ የፉርጎውን መምጣት ያዳምጥ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ሀምዱም ቀርቦ ስለ ሽቦው እንዲያስረዳ ታዘዘ። መሻገሪያውን ጥሎ መሄዱን ፈርቶ ሲያመነታ፣ በስብሰባው ሰዓት ፉርጎ አይለቀቅም ተባለ። እንጨቱን አውርዶ ቢሄድ ገበያተኛው ቆሞ ሊቀር ነው። ስለዚህ እንጨቱን እንደተነሣ ተወውና ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ሲናገር ድምፁ ደህና ወጣለት። ሰው ሳይሞት አሠሩት ብሎ ገና ሳይቀመጥ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ለካ ትእዛዙ ያልደረሰው ተረኛ ፉርጎ ለቆ ኖሯል። የገበሬው የሙሄዲን ሚስት ከሪማ በርበሬዋን ይዛ ስትሻገር ፉርጎው ገጭቶ ገደላት።

ሽቦው በሦስተኛው ቀን ተቀጠለ። ማን ስንት እንዳወጣ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲያ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ከሪማ ከእንጨቱ ማዶ ትቆማለች። አትቆጣም፣ አትናገርም፤ እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ ቅርጫቷን ይዛ ፉርጎው እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ሲያልፍ የለችም። ሀምዱ ቁርኣን አስቀራ፣ ሰደቃ አወጣ። ማየቱ ግን አልቀረለትም።

ሰባት ወር ታግሦ፣ አንድ ቀን ሙሄዲን በዚያ ሲያልፍ እጁን ያዘው።

"እንጨቱን ሳላወርድ ነው የሄድኩት። ማንም አልጠየቀኝም። አንተ ግን እወቀው።"

ሙሄዲን ዐይኑን ከሐዲዱ ላይ ሳያነሣ መለሰ።

"ከእርሻ ሮጬ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሀምዱ። እንጨቱን አይቼዋለሁ። ልከስዎት ወጥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። የዚያን ቀን አሞኛል፣ አልሄድም ብላኝ ነበር። በርበሬው ይበላሻል ብዬ የሰደድኳት እኔ ነኝ። እርስዎን ብከስ፣ እኔን ማን ይከሰኛል?"

ሀምዱ መናገር ከጀመረ አይቀር፣ ከሪማን ከእንጨቱ ማዶ ማየቱንም ነገረው። ሙሄዲን ፊቱ ተለወጠ።

"ቤትማ አንድ ቀን አልመጣችም" አለ። "እኔ እዚያ ደጅ ደጁን ሳይ፣ ለካ እዚህ ኖራለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ በዋለ ቁጥር እየመጣ ከሀምዱ ጎን ይቆማል። ደወሉ ሲጮኽ፣ "አለች?" ይለዋል። ሀምዱ አዎ ብሎ ራሱን ይነቀንቅለታል። ሙሄዲን ወደዚያው ያያል፤ ፉርጎው ያልፋል፤ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። ለእሱ አንድ ጊዜም አልታየችውም።

ኋላ ካባው ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። ሀምዱ አርጅቶ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ልጁ ለይላ ዘንድ ገባ። ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሰዎች እንደነገሩት፣ ሙሄዲን ሐዲድም ደወልም በሌለበት መንገድ ላይ አሁንም እየመጣ ይቆማል፤ የሚያልፈውን ሰው አስቁሞ፣ "ማዶ የቆመች ሴት ትታይሃለች?" ይላል።