ስድስተኛው ስም

በረዶ የበጣጠሰው የእንሰት ቅጠል ሽታ ከአንዱ ጎረቤት ጓሮ ድንገት ሲመጣብኝ፣ የድሮው የኮልፌ ቤታችን በረንዳና አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

አያቴ ከጉራጌ አገር ያመጡትን እንሰት ከጓሮ ተክለው፣ በክረምት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ የአባቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩኝ ነበር። አባቴ ከተማ ያደገ በመሆኑ ከአራተኛው በላይ አያውቅም፣ ታላቅ እህቴ አስካለ ከቤት ሥራ ፋታ የላትም፣ ስለዚህ አደራው ትምህርት ቤት በገባሁት በእኔ ላይ ወደቀ። ልጻፈው ስላቸው «ወረቀት ይጠፋል፣ አፍሽ ላይ ይሁን» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ልቤ ጨዋታ ላይ ሆኖ ስድስተኛውን እየዘለልኩ ሰባተኛውን እጠራ ነበር፤ እሳቸውም «ምን በድሎሽ ነው ሁልጊዜ እሱን የምትዘይው?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

የመስቀል ሰሞን አያቴ ግማሽ ጎናቸው ዝሎ አንደበታቸው ተያዘ። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው ሁሉን ይሰማሉ፣ አንድ ቃል ግን አይወጣቸውም ነበር።

ጥር ላይ ለአስካለ ሽማግሌ መጣ። ልጁ አስኮ ልብስ የሚሰፋ ነበር፤ አስካለ ክር ልግዛ እያለች እሱን ለማየት እንደምትመላለስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አገራቸው ከአገራችን አንድ ስለነበር ሁለቱም ወገን ሰባት ቤት መቁጠር ነበረበት፤ አንድ አባት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። መጀመሪያ የእነሱ ሽማግሌ ቆጠሩ። አባቴ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመና «ቀሪውን ተሜዋ ትቁጠርልን» አለ፣ ኮራ ብሎ። አምስተኛውን ጠራሁ። ስድስተኛው ጠፋኝ። ሁሉም አፌን ሲያዩኝ፣ አሁን ከሽማግሌው የሰማሁት ስም ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ «ኢርጋ» አልኩ።

«ኢርጋማ የእኛም አባት ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እንግዲህ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው።»

ያን ጊዜ አያቴ ከመጋረጃው ጀርባ ግድግዳውን በእጃቸው መቱ፣ ደግመው መቱ። እናቴ «ውሃ ጠምቷቸው ነው» ብላ ጣሳ ይዛ ስትገባ ተከተልኳት። ውሃውን ገፍተው እኔን ያዩ ነበር። አፋቸው ተከፍቶ ይንቀጠቀጣል፣ ስሙ ግን አልወጣም። ወጥቼ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አባቴን ማሳፈር ፈራሁና ዝም አልኩ። የካቲት ሳያልቅ አያቴን ቀበርን።

ልጁ ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባ። አስካለ ከዚያ ወዲያ የመጣላትን ሁሉ መለሰች።

አሁን ሁለታችንም አርጅተን በአንድ ቤት እንኖራለን። ያኔ አባቶቹን ሳይቆጥር የሚያገባ አልነበረም፤ ባለፈው የተዳረችው የጎረቤታችን ልጅ ግን የሙሽራውን አያት ስም እንኳ አልጠየቀችም። ከሰርጉ ስንመለስ አስካለ ነጠላዋን እያጣጠፈች «የዛሬ ልጆች አይፈሩም» አለችኝ። «እኔማ የገዛ ወንድሜን ላገባ ነበር፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።