ለበሬ የተበጠበጠ መድኃኒት

ባለፈው እሁድ ልጄ ሣራ፣ ባሏ ናሆምና ትንሿ ልጃቸው ኤዶም ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ጋር ዝዋይ ሐይቅ ዳር ውለው ሲመለሱ አዳማ እኔ ቤት ጎራ አሉ። ባቱ በል እያሉ ያርሙኛል፤ አፌ የለመደው ግን ዝዋይን ነው። የተጠበሰ ዓሣ በፌስታል ይዘውልኝ መጥተዋል። ልጅቷ ግን ዓሣውንም አያቷንም ትታ የጉልበቷን ጀርባ ታክካለች። ወደ በረንዳው ብርሃን ወስጄ ሳያት መዥገር ነው። ገና ያልጠገበ፣ ምስር የሚያህል፣ ራሱን ቆዳዋ ውስጥ ቀብሮ ተለጥፏል።

እኔ ወረንጦ ፍለጋ ወደ መሣሪያ ሳጥኔ ስሄድ ናሆም ወደ መኪናው ሮጠ። ይዞ የተመለሰው በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ እንደ ወተት የነጣ ውሃ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«የመዥገር መድኃኒት ነው፣ አባባ። ጎረቤታችን ላሞቹን የሚረጭበት ነው። ከመሄዳችን በፊት እግራችንን ቀባ ቀባ ብናደርግ ኖሮ አይነካንም ነበር። አሁንም ጠብ ቢደረግበት ራሱ ይለቃል አሉ።»

ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅሁትና ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም፤ ይስማ። ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ዲግሪውን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው፣ በገዛ ልጁ ገላ ላይ የከብት መርዝ!

«ይረጋጉ እንጂ አባባ፣ ደም ግፊት አለብዎት» ይለኛል።

«ግፊቴን ተወውና ያንን የነካህበትን እጅህን በሳሙና ታጠብ!»

መዥገሩን እንዴት እንዳወጣሁት ልናገር፤ በዚህ ሰፈር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ ነው የሚያስፈልገው። ሆዱን ሳይሆን ራሱን፣ ቆዳው ሥር ጠጋ ብሎ መያዝ፤ ሳያጣምሙ፣ ሳይቸኩሉ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። ከዚያ ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥቦ አልኮል መቀባት፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ። አለቀ። ክብሪት ለኩሰው የሚያስጠጉ አሉ፣ ቅቤ የሚቀቡ አሉ፣ ላምባ የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ይህንኑ በቲክቶክ የሚያስተምሩ ደፋሮችም አሉ አሉ። መዥገር ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ሰው ደም እንደሚመልስ አያውቁም። አለማወቅ ነውር አይደለም። አለማወቅን ማስተማር ግን ያናድደኛል።

ኤዶም አንድ ጊዜ «እህ» አለች እንጂ አላለቀሰችም። «አያቴ ጎበዝ ነው» አለች። እውነቷን ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ ገጥሜ ራሴን አስተማርኩ። ከወለንጪቲ እስከ አዳሚ ቱሉ የውሃ ፓምፑ ቆሞበት የተሾመን ስም ያልጠራ ገበሬ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የዚያን ነጭ ውሃ ነገር ግን ከጋዜጣም ከሞተርም አልተማርኩትም። የተማርኩት ከገመቹ አፍ ሲወርድ ካየሁት ለሃጭ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔና ገመቹ አዳሚ ቱሉ አብረን ያደግን ጎረምሶች ነን፤ ሥራችን ከብት መንዳት ነበር። ጋሼ ሸዋንግዛው የሚባል የአዳማ ነጋዴ በሬ እየገዛ ይሰጠናል፣ እኛ በእግር አዳማ ገበያ እናደርስለታለን። እሱ በአውቶቡስ እየቀደመ በየከተማው ይጠብቀናል። ከእኔና ከገመቹ ሌላ ሁለት ነጂዎች ነበሩ።

መስከረም ላይ ያ መንገድ እንዴት ያምር ነበር! ዛሬ የአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤት የሞላበት ሜዳ ያን ጊዜ ግራርና ሣር ነው። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ጉልበት ያልፋል። ጠዋት በጤዛው ውስጥ ስንሄድ ሱሪያችን እስከ ታፋችን ይርሳል። ስንቃችን የገመቹ እናት የሰጠችን ጩኮ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ፣ አንድ እፍኝ ከበሉት ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ። ያንን ጣዕም ዛሬ የትም ሆቴል አላገኘሁትም። ግን ያ የሚያምር ሣር መዥገር ነው። በየሣሩ ጫፍ እግሩን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። በሬውንም ይይዛል፣ እኛንም። እኔ በየማረፊያው ገላዬን እየፈተሽኩ እነቅላለሁ። ገመቹ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያክካል። መቂን ስናልፍ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተልጦ ይደማ ነበር።

ከብት ነጂ አንድ ልማድ ነበረው። ገበያ ከመግባታችን በፊት ዓለም ጤና ላይ እናርፍና በሬዎቹን አጥበን የመዥገር መድኃኒት እንረጫቸዋለን፤ ገዢ የበሬ ጆሮ ገልብጦ፣ ጭራ አንስቶ መዥገር ስለሚፈልግ። ታዲያ ባልዲው ውስጥ የሚተርፈው መድኃኒት «የነጂ ድርሻ» ይባል ነበር። ነጂው ጨርቅ ነክሮ እግሩን፣ ብብቱንና ጭኑን ያብስበታል። መድኃኒት መድኃኒት የሚሸተው ወንድ ነው። የማይሸተው ይሳቅበታል።

እኔ ተቀብቼ አላውቅም። መድኃኒቱ ይመጣበት በነበረው ቆርቆሮ ላይ የራስ ቅል ተስሏል፤ የራስ ቅል ለጌጥ የሚሥል ሰው የለም። ይህን ለመገመት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«ተሹ፣ ድርሻህን አትወስድም?» አለኝ ገመቹ የዚያን ቀን፣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ እየነከረ።

«ቆርቆሮው ላይ ያለውን ራስ ቅል አታይም?»

«እሱማ የመዥገር ራስ ቅል ነው!» ሁለቱ ነጂዎች በሳቅ ወደቁ።

«እግርህ ቆስሏል፣ ገመቹ። ቢያንስ ቁስሉን ተወው።»

«ቁስሉ ነው እኮ የሚበላኝ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» አለና በዚያ በተላጠ ቆዳ ላይ ጨርቁን ደጋግሞ አሸው። አቃጥሎት ጥርሱን ገጠጠ፤ ደግሞም ሳቀ።

ከዚያ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦ በቲማቲምና በቃሪያ መብላት ጀመርን። ብዙም ሳንበላ የገመቹ ዳቦ ከእጁ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳየው ላብ አጥምቆታል። ለሃጩ ይዝረበረባል። ጉንጩና ክንዱ ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ። የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ሊናገር ሞከረ፣ አስመለሰው።

ጋሼ ሸዋንግዛው ከሚጠብቀን ሻይ ቤት እየሮጠ መጣ። «መጋኛ ነው!» አለ። «ፀሐይ መትቶት ነው፤ አረቄ አጠጡት!»

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ነው» አልኩ።

«የምን መድኃኒት? እኔ መድኃኒት የሚባል አላውቅም!»

ይህን ሲል ቆርቆሮው እግሩ ሥር ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቆርቆሮው ከአንድ የመንግሥት ማድለቢያ በጓሮ በር የወጣ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ንብረት ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ገመቹ ክሊኒክ ገብቶ «ምን ነካው?» ከተባለ መልሱ ወደ ጋሼ ሸዋንግዛው ሊመራ ነው። ስለዚህ ገመቹ መልስ ሳይኖረው ይሙት ማለት ነው።

ሙግት ትቼ የገመቹን ልብስ አወለቅሁ። አጠገባችን ካለው የሽንኩርት ማሳ ቦይ ውሃ እየቀዳሁ በልብስ ሳሙና እግሩን፣ ጭኑን፣ ብብቱን አጠብኩት። ሁለቱ ነጂዎች የጋሼን ፊት እያዩ ቆሙ። በኋላ አንደኛው አፈረ መሰለኝ፣ ውሃ ያቀብለኝ ጀመር። ወዲያው ወደ ሞጆ የሚሄድ ሽንኩርት የጫነ ኤንትሬ መኪና መጣ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኩት። ሹፌሩ ሊሰድበኝ አንገቱን አወጣና ገመቹን ሲያይ ስድቡን ዋጠው።

ጋሼ ሸዋንግዛው ክንዴን ያዘኝ። «ስማ ተሾመ፣ እባብ ነደፈው በላቸው።»

«እባብ ካልኩ የእባብ መድኃኒት ይሰጡታል፣ ይሞታል!»

«እባብ ነው ትላለህ አልኩህ! አለዚያ ከእኔ በሬ ኋላ ዳግመኛ አትሄድም።»

ጎንበስ ብዬ ቆርቆሮውን አነሳሁ። እሱም ያዘው። ሁለት ወንዶች በአንድ ባዶ ቆርቆሮ አስፋልት ዳር ስንታገል የሸዋንግዛው ባርኔጣ ወደቀ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ክንዴም የዋዛ አይደለም። ነጠቅሁት። ገመቹን ሽንኩርቱ ጆንያ ላይ በጎኑ አስተኝቼ፣ አፉን እየጠረግሁ፣ ቆርቆሮውን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ሞጆ ገባን።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ድሬሰር ገና በሩ ላይ «ምን ነካው?» አለ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። መርፌ ወጋው፤ ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ ደግሞም ሠለሰው። «አፉ እስኪደርቅ ነው የምንወጋው» አለኝ። «ቆርቆሮውን ባታመጣ ኖሮ በግምት ስንሄድ ያመልጠን ነበር።» ይህን ያለው እሱ ነው፤ እኔ የጨመርኩት የለም። በማግሥቱ ገመቹ ዓይኑን ገልጦ «ተሹ፣ ውሃ፤ ምላሴ ደረቀ» ሲል ክሊኒኩ ደጅ ወጥቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ገመቹ ከክሊኒክ ሲወጣ በሩ ላይ የጠበቀው ጋሼ ሸዋንግዛው ነበር፤ ብርቱካን በዘንቢል ይዞ። ገበያው ሁሉ የሰማው የእሱን ወሬ ነው፤ ልጁን መጋኛ መታው፣ እሱም ፈጥኖ መኪና አስቁሞ አሳፈረው። ቆርቆሮ የሚባል የለም። ተሾመ የሚባልም የለም። እኔ ከሥራ ተባረርኩ፤ እሱስ ጠቅሞኛል፣ ወደ ፓምፑ የገባሁት በዚያ ነው። ገመቹ ግን ወደ በሬው ተመለሰ። ቆይቶም የሸዋንግዛውን የእህት ልጅ አበበችን አገባ። በሠርጉ ላይ ብርጭቆ አንስቶ «ጋሼ ባይደርስልኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በየክርስትናው፣ በየድግሱ ይህንኑ ይደግማል፤ ሸዋንግዛው ሲሞትም ለቀስተኛው ፊት ቆሞ ደገመው።

ምስጋና ፈልጌ አይደለም የምናደደው። እሺ፣ ፈልጌም ነው፤ ሰው ነኝ። ግን ዋናው ሌላ ነው። መጋኛ ነው ስለተባለ የነጂ ድርሻ አልቀረም። ባልዲው እየዞረ፣ ጨርቁ እየተነከረ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ቡልቡላ አጠገብ አንድ የልጆች አባት የሆነ ነጂ እንዲሁ ታብሶ፣ እንዲሁ ለሃጩ ወርዶ፣ መንገድ ላይ ቀረ። መጋኛ ነው ተብሎ ተቀበረ። ያን ሰው የገደለው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም እላለሁ።

እሁድ ማታ እነሣራ ሲሄዱ ጠርሙሱን ይዤ አስቀረሁ። ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ዓለም ጤና ለሚኖረው ለገመቹ ደወልኩ።

«አካም ጅርታ፣ ተሹ!» አለ እንደ ልማዱ በደስታ።

ሰላምታ አላበዛሁም። «ያን ጊዜ ምን እንደታመምክ ታውቃለህ?»

«መድኃኒቱ ነዋ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከዚያው ቀን። አንተና ጋሼ ስትጨቃጨቁ እሰማ ነበር እኮ። አፌ ነው እንጂ የተያዘው ጆሮዬ ደህና ነበር።»

ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን!»

«ምን ላድርግ ኦቦሌሳ? ከብት ሰጥቶ ያኖረኝ እሱ፣ ሚስቴን የዳረልኝ እሱ። አበበች ደግሞ አጎቷን እንደ አባት ነው የምታየው። አንተ ጠንካራ ነህ፣ አትጎዳም ብዬ ነው። አሁን ሞቷል፤ ተወው በቃ።»

«እሱን ልተወው። የልጅ ልጆችህ ከብት ያረባሉ አይደል?»

«አዎ፣ ደህና ከብት አላቸው።»

«ይረጫሉ?»

«ይረጫሉ እንጂ።»

«እግራቸውንስ? ገመቹ፣ እግራቸውንስ?»

በስልኩ ውስጥ ግቢው ይሰማኛል፤ በሬ ይጮኻል፣ ልጆች ይስቃሉ። «ቀጠን አድርገው ነው እኮ የሚበጠብጡት» አለ።

ሰው በእርጅናው ይለዝባል ይላሉ። እኔ አልለዘብኩም፤ መለዘብም አልፈልግም። ያ ድሬሰር ሲጠይቀኝ የመለስኩት አንድ ሰው ለማዳን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ስላልጠየቀኝ ኩርፊያዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ኩርፊያ ደግሞ ማንንም አያጥብም። ነገ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ዓለም ጤና እወርዳለሁ። እነዚያን ልጆች ግቢው ውስጥ ሰብስቤ፣ ገመቹን ከጎኔ አቁሜ፣ ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ አንደበት እንዲነግራቸው አደርጋለሁ። እምቢ ካለ እኔ እነግራቸዋለሁ። አበበችም ትስማ።