ቲክ የሌለባቸው አስራ አራቱ

ያሳሰረኝ አንድ ወረቀት ነው። ያለ ፊርማ አልሰጥም ስላልኩ ከነወረቀቱ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን ነበር። ማሽላው ወጥቶ አልቋል፤ ሽታው አልወጣም። የነቀዝ መድኃኒት ሽታም አብሮ ስለነበረ ገና በሩ ሲከፈት ጉሮሮዬን ያዘኝ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ክንድ የማታስገባ ክፍተት አለች፤ ብርሃን የሚገባው በእሷ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከግድግዳው ሥር አንድ ድምፅ፣ «ጋሼ ቲክ መጡ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «በሉ እንግዲህ ካፌው ተከፈተ» ብሎ ሳቀ።

አስራ አራት ተማሪዎች ነበሩ። አስራ አራቱንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። በምን እንደመጡም አውቅ ነበር። የመጡት በእኔ ወረቀት ነው።

የኮሌጁን ስምም ቦታም አልጽፍም። ተማሪው ግቢ ውስጥ እያደረ፣ እዚያው እየበላ የሚማርበት ነው፤ ይበቃል። እኔ የተማሪዎች ምግብ ቤት ቲከር ነበርኩ። በር ላይ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ተማሪው የምግብ ካርዱን ያሳየኛል፣ እኔ ከስሙ ፊት ቲክ አደርጋለሁ፣ እሱ ያልፋል። ወንዶቹ በሙሉ፣ ሦስት መቶ ያህል ናቸው፣ በእኔ በር ነው የሚገቡት። ስሜ ሌላ ነው፤ እነሱ ግን ጋሼ ቲክ አሉኝና ቀረ።

ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ከኋላ በኩል ድስት አጥቢ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ጢሜ ሸብቶ ነው የተማርኩት፤ ያስተማረኝም አንድ ተማሪ ነው፣ ግራና ከምትባል ከተማ የመጣ ልጅ። ምሳ ካለቀ በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ያረጀ የስም ዝርዝር ዘርግቶ በጓደኞቹ ስም አስተማረኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል የእሱ ስም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ እያለ አስተማረኝ፤ «ለ»ን እና «ሰ»ን ሳምታታ አንድ ቀን እንኳ አልሳቀብኝም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

ለዚህ ነው ወረቀት የማከብረው። ተረካቢው ካልፈረመ ከእጄ አይወጣም። የካፌው ኃላፊ በዚህ ያሾፍብኝ ነበር፤ ሰውዬው ዘግይቶ ስለተማረ ወረቀት ያመልካል ይላል። ውሸት አይደለም።

በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ ውሃ ከጠፋ አስራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ተማሪው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወንዝ ይወርዳል። ሽንት ቤቶቹ የሚቀረቡ አልነበሩም። ሁለት ልጆች በታይፎይድ ተኙ። ለአስተዳደሩ ተናገሩ፣ ማመልከቻ ጻፉ፣ ቢሮ በር ላይ ቆመው ዋሉ። ዛሬ ነገ ተባሉ። ሰኞ ምሳ ላይ እንደ ወትሮው ተሰልፈው መጡ። አንድም ሰው አልጮኸም። ካርዳቸውን አሳዩኝ፣ ቲክ አደረግኩ፣ ትሪያቸውን አስሞሉ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ሳይነኩት ወጡ። በቃ ይኸው ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሽሮ ሲቀዘቅዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። በኋላ ስሙን «ሁከት» አሉት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንበላም ያሉት ሁሉ በእኔ በር አልፈዋል፤ ሁሉም ቲክ አለባቸው። ቲክ የሌለባቸው በዚያ ምሳ ጭራሽ ያልመጡት ናቸው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ ክርስቲያኖች አሉ። ሰኞን የሚፆሙ ሙስሊሞች አሉ። የታመሙት ሁለቱ አሉ። አስራ አራቱ እነዚህ ናቸው። አድማ መኖሩን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ አንድ መርማሪ መጣ፤ የአካባቢው ሰው አይደለም፤ እድሜው ከልጄ አይበልጥም። ያልበላው ማን ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። መርማሪው ወረቀቱን ከፊቴ ላይ አየውና ቲክ የሌለበትን ስም ሁሉ በቀይ አሰመረበት። ቲክ ያለበት በልቷል፣ ቲክ የሌለበት አድሟል፤ እንዲህ ነው የገባው። ኃላፊው ነገሩን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። የሴቶቹ በር ቲከር ወረቀቷን ስትጠየቅ ወጥ ፈስሶበት ጣልኩት አለች። ብልህ ሴት። እኔ ጅሉ ወረቀቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ተረከብኩ ብለህ ፈርም አልኩት። ልጆቹን ከየዶርማቸው ሲለቅሟቸው እኔ ገና ስለ ፊርማ እከራከር ነበር። እኔም ወጥ ባፈስበት ኖሮ ማንም ባልታሰረ። ይሄን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ልጆቹ መጋዘኑን ዶርም አድርገውት ነበር። በሚስማር ግድግዳው ላይ የዶርም ቁጥር ጽፈዋል። የመኝታ ድልድል አውጥተዋል። አዲስ የገባ ተማሪ ፍሬሽ ይባላል፤ ፍሬሽ ደግሞ የሚተኛው ለሽንት በተሰጠው ባልዲ አጠገብ ነው። አንድ የመርሳ ከተማ ልጅ ነበር፣ አባቱ መካኒክ ነው፣ ረጅም ምላሰኛ፤ እሱ ነው ድልድሉን የያዘው። «ሕግ ሕግ ነው ጋሼ ቲክ፤ ፍሬሽ ነዎት» አለኝ። ስቀው ሲያበቁ ነጠላ አንጥፈው ደረቁ ግድግዳ ሥር አስቀመጡኝ። ባልዲው አጠገብ ራሱ ተኛ።

እኩለ ቀን ላይ ፖሊስ በማዳበሪያ ከረጢት ዳቦ ያመጣል። ልጆቹ እንደ ካፌው ተሰለፉ። ካርድ ስለሌለ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። እኔም በአውራ ጣቴ ጥፍር መዳፋቸው ላይ ቲክ አደረግኩና ዳቦውን ሰጠሁ። የሚፆሙት ተቀብለው ከጥግ ያስቀምጡታል። ቀልድ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ቲክ ሳያስደርግ የሚወስድ አልነበረም።

የግራናው ልጅ ከክፍተቷ ሥር ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠና ነበር። የመጨረሻ ዓመት ነው። የመውጫ ፈተናው የሚቀጥለው ሰኞ ነበር፤ እሱን ካላለፈ አራት ዓመት የተማረበት ወረቀት አይሰጠውም። ደብተር የለውም። በጣቱ መሬት ላይ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። እኔን ሲያስተምረኝም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ የመርሳው ልጅ ፈነዳ። እኔን ነው የያዘኝ። ያደሙት ሰዎች ዶርማቸው ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ እኛ ፆመን ታሰርን አለ። የቲኩን ነገር ለምን አፍርጠው አይነግሯቸውም አለኝ። አንድ ቃል ከተናገሩ ከሰዓት በፊት እንወጣለን አለ። እውነቱን ነው። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ያንኑ እያላመጥኩ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ፣ እኛ ስንወጣ ማን ይገባል አለ። ቲክ ያለባቸው ሦስት መቶ ናቸው።

ወደ አስተማሪዬ ዞርኩ። ጣቱ መሬቱ ላይ ቆሟል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንዳልል አፈርኩ። አይንገሩ እንዳልል ፈተናው ሰኞ ነው» አለ። ፊቱን ወደ ክፍተቷ መለሰ።

ይሄኔ ስሜ ተጠራ።

ቢሮው ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። አንዱ የመርማሪው ነው፤ ሁለተኛው ላይ ፋይል ተቀምጧል፣ ስለዚህ ቆምኩ። የተተየበ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ፤ አጠገቡ የቀለም ሳጥን ከፍቷል። «ጣትህን አምጣ» አለኝ። በእኛ አገር ሽበት ያለውን ሰው አንተ አይሉትም። እሱ ካለኝ እኔም አንተ እለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

«ላንብበው» አልኩት።

ሳቀ። «ማንበብ ትችላለህ እንዴ?»

«ያስተማረኝን አስራችሁታል።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ድምፅ እያወጣሁ ነው የማነበው፤ ሌላ አልችልም። ቀስ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት፤ ይበልጥ ቀስ አልኩ። ከላይ የአስራ አራቱ ስም ተደርድሯል። ከሥሩ፣ እነዚህ ግለሰቦች ምግብ አንበላም በማለት አድማ መምታታቸውንና ሌሎችን ማነሳሳታቸውን በቲከርነቴ አረጋግጣለሁ ይላል። ከዚያ ለአውራ ጣቴ የተተወ ባዶ ቦታ። በዚያች ቦታ ነበር የተናደድኩት። ስማቸው ላይ ሳይሆን በዚያች ቦታ። ስሜን መጻፊያ መስመር አልተውልኝም።

እስክሪብቶ ጠየቅኩት። ሊፈርም ነው ብሎ ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ስም ፊት «ፆም» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለተኛው ፊት «ፆም»። ከሦስተኛው ፊት «ታሞ»። እጄ ከባድ ነው፤ ፊደሌ የመጥረቢያ ነው የሚመስለው፤ ግን ይነበባል። አስራ ሁለት ፆም፣ ሁለት ታሞ። የአስተማሪዬ ስም ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። ሌላም ነገር መጻፍ እችል ነበር። አንድ መስመር ትበቃለች።

መርማሪው ወረቀቱን ነጥቆ አየ። «እነዚህ ፆመው ከሆነ ያደመው ማነው ታዲያ?»

«የቲኩ ወረቀት አንተ ጋ ነው።»

«ቲክ ያለበት በልቷል አይደል?»

«ቲክ ያለበት በእኔ በር አልፏል። ሥራዬ በሩ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። የገባው መሰለኝ፤ ደግሞ ያልገባው መሰለኝ። እኔም ከዚያ በላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የጻፍኩበትን ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ሲከተው አላስቻለኝም።

«ተረከብኩ ብለህ ፈርምልኝ» አልኩት።

ጆሮዬ ላይ ነው የመታኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ወፍራም ድምፅ እንጂ ቀጭን አይሰማም። አልፈረመም። እኔም ጣቴን አልሰጠሁትም። ሁለት ፖሊሶች እጄን ይዘው ቀለሙ ላይ ሊያስነኩኝ ሞከሩ፤ ጨብጬ ያዝኩ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱ ራሱ ሰለቸውና ተዉት አላቸው።

መጋዘኑ ስመለስ ዳቦው ደርሷል። ማንም አልነካውም፤ እየጠበቁኝ ነው። ምን መለሱላቸው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፊቴን አይተው ያላልኩትን አወቁ። የመርሳው ልጅ መጀመሪያ ተነስቶ ተሰለፈ። መዳፉን ዘረጋ፤ ቲክ አደረግኩለት። «ካፌው ዛሬ ዘገየ» አለ፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። አንድ በአንድ መጡ። የግራናው ልጅ አልመጣም። ዳቦውን ራሴ ወስጄ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። አላየኝም። መሬት ላይ የጻፈውን በመዳፉ አጠፋው፤ ከዚያ ወዲያ አልጻፈም።

ልጆቹ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተፈቱ። ፈተናው አልፎ ነበር። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ሥራዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ውሃው በሳምንቱ ወደ ግቢው መጣ አሉ። ጥሩ ነው፣ ይታጠቡበት። ቲክ ካደረግኩላቸው ሦስት መቶ ሰዎች አንድም ሰው የመጋዘኑ በር ላይ ዳቦ ይዞ አልቆመም። ፈርተው ነው፤ አውቃለሁ። እያወቅኩም እናደዳለሁ። ያ ኃላፊ አሁንም ኃላፊ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጫማውን ያያል።

አሁን መርሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። የመኪኖቹን ተራ በደብተር እጽፋለሁ። ሾፌሮቹ ያለ ፊርማ አያልፉም፤ ሲበዛባቸው ይሰድቡኛል።

ባለፈው ገበያ ቀን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከግራና መጥቶ ቆመ። ከጭነቱ ላይ አንድ ሰው ወረደ፤ አቧራ ለብሷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ሲጠጋኝ ነው አስተማሪዬ መሆኑን ያወቅኩት። ፈተናውን በዓመቱ ተፈትኖ አልፏል። ሥራ የለም። ከዚህ ሌላ ብዙም አላወራንም። ስለዚያ ሐሙስ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ይቅር በለኝ ልለው አስቤ ነበር፤ ለየትኛው እንደምለው አላወቅኩም። ወረቀቱን ስለጠበቅኩት ነው ወይስ አፌን?

መኪናው ጡሩንባ ነፋ። እጁን ዘረጋልኝ። ለሰላምታ መስሎኝ እጄን ሰነዘርኩ። እሱ ግን መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

በአውራ ጣቴ ጥፍር ቲክ አደረግኩለት። መዳፉ በሸክም ደድሯል፤ ምልክቱ አልያዘም። ጫን ብዬ ደገምኩት።